ብርድ ያልለቀቀው ሊቅ፦ የቤት ውስጥ ሙቀትን ማስላት ያስተማረው ዦዜፍ ፉሪዬ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1820ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ዦዜፍ ፉሪዬን ሊጠይቅ የሄደ እንግዳ ላብ ሳያጠምቀው አይመለስም ነበር። ምሁሩ የሚኖርበትን ክፍል ከልክ በላይ ያሞቃል። ሌላውን ሰው የሚያፍነው አየር ለእርሱ ገና በቂ አልነበረም። በአውሮፓ የበጋ ሐሩር እንኳ ሌሎች ለክረምት ያስቀመጡትን ዓይነት ልብስ ደራርቦ ይለብስ ነበር።

ይህ ሰው ሙቀት በጠጣር ነገሮች ውስጥ የሚጓዝበትን ሕግ በሂሳብ ቋንቋ የጻፈ ነው። ዛሬ አንድ አርክቴክት ገና ያልተሠራ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆነው ቀን ምን ያህል እንደሚሞቅ ኮምፒውተሩን ሲጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ የግድግዳውንና የጣሪያውን ሙቀት የሚያሰላው ፉሪዬ ባስቀመጠው ሕግ ነው።

የሊቁ ሕይወት ግን ከቀመሩ ያለፈ ነገር ያስተምራል። የግድግዳን ሙቀት ማስላት አንድ ነገር ነው፤ በግድግዳዎቹ መካከል የተቀመጠው ሰው የሚሰማውን ማወቅ ሌላ ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር የፉሪዬ የራሱ ገላ ነበር።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ፉሪዬ በማርች 21 ቀን 1768 ኦሴር በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ልጆች የበዙበት ቤት ነበር። እናቱ በዘጠኝ ዓመቱ ሞተች፤ አባቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ሕፃኑ ወላጅ አልባ ሆኖ ቀረ።

ብሩህ አእምሮውን የተመለከቱ የከተማዋ ሰዎች በቤኔዲክት መነኮሳት ይመራ ወደነበረው የኦሴር ወታደራዊ ትምህርት ቤት እንዲገባ ረዱት። በ13 ዓመቱ ገደማ ከሂሳብ ጋር ተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሻውም። ቀን የማይበቃው ተማሪ በየኮሪደሩና በማድ ቤቱ የተረፉ የሻማ ቁራጮችን እየለቀመ፣ ሌሎች ሲተኙ በእነርሱ ብርሃን ያጠና እንደነበር ይተረካል።

ምኞቱ የመድፈኛ መኮንን መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜዋ ፈረንሳይ ለዚህ ማዕረግ ከዕውቀት ይልቅ ዘር ይቆጠር ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ከመኳንንት ወገን ባለመሆኑ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። በ1787 ወደ ገዳም ገብቶ ለምንኩስና መዘጋጀት ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ ከሂሳቡ ጋር ነበርና ቃል ኪዳኑን ሳይፈጽም በ1789 ወጣ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ፉሪዬም በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ከጊሎቲን ጥላ እስከ ሊቃውንት ጉባኤ

ወጣቱ መምህር ዘር ሳይሆን ችሎታ የሚከበርበት ሥርዓት ይመጣል ብሎ አብዮቱን ደገፈ። በ1793 የኦሴር አብዮታዊ ኮሚቴ አባል ሆነ። አብዮቱ የራሱን ልጆች መብላት ሲጀምር ግን ፉሪዬም አላመለጠም። በ1794 የበጋ ወር ታሰረ። በእነዚያ የሽብር ወራት ከእስር ቤት ወደ ጊሎቲን የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር። ሕይወቱን ያተረፈለት ፖለቲካው መገልበጡ ነው። የሽብሩ ዘመን መሪ ሮቤስፒየር በጁላይ 28 ቀን 1794 በዚያው ጊሎቲን ተገደለ፤ እስረኞችም መፈታት ጀመሩ።

በ1795 መጀመሪያ ፉሪዬ ለመምህራን ማሠልጠኛ በተከፈተው የፓሪስ ኤኮል ኖርማል ከተመረጡት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። አስተማሪዎቹ በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ የሂሳብ ሊቃውንት ሁሉ ቀዳሚዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ እና ሞንዥ ነበሩ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከ12 ዓመታት በኋላ የፉሪዬን ዋነኛ ሥራ ለመዳኘት ይቀመጣሉ። ለጊዜው ግን በተማሪያቸው ተደስተው ነበር። በ1797 ፉሪዬ በኤኮል ፖሊቴክኒክ የላግራንዥን የማስተማሪያ ወንበር ተረከበ።

ግብፅ

በ1798 ጄኔራል ናፖሊዮን ቦናፓርት ወደ ግብፅ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር ከ150 በላይ ምሁራንና መሐንዲሶችን አስከተለ። ፉሪዬ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ካይሮ ላይ የግብፅ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ጸሐፊው ሆኖ ተመረጠ። የጥንት ሐውልቶችን ከሚያጠኑት ጋር ወደ ላይኛው ግብፅ ተጓዘ፤ በአስተዳደርና በድርድር ሥራም ተሰማራ።

ዘመቻው ግን ብዙም ሳይቆይ መውጫ ያጣ ጉዞ ሆነ። የብሪታኒያ የባሕር ኃይል በኦገስት 1798 አቡ ቂር ላይ የፈረንሳይን መርከቦች ደመሰሰ። ናፖሊዮን በቀጣዩ ዓመት ሠራዊቱን ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ፉሪዬ እስከ 1801 ድረስ እዚያው ቆየ።

ብዙዎቹ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች የሊቁን የሙቀት ፍቅር ከእነዚህ ሦስት ዓመታት ጋር ያያይዙታል። የበረሃ ሙቀት ለጤና ተስማሚ ነው የሚል እምነት ይዞ እንደተመለሰ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የአገሩ አየር ፈጽሞ ተስማምቶት አያውቅም። አንዳንድ የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ደግሞ ብርዱ ከልማድ ሳይሆን ከሕመም የመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም ከታይሮይድ ዕጢ መድከም ጋር የተያያዘ እንደነበር ይገምታሉ።

በተራሮች መካከል የተጻፈ ቀመር

ፉሪዬ ወደ ማስተማር ሥራው ሊመለስ ቢፈልግም ናፖሊዮን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በ1802 መቀመጫውን ግሬኖብል ያደረገውን የኢዜር ግዛት እንዲያስተዳድር ሾመው። ግሬኖብል በአልፕስ ተራሮች የተከበበች፣ ክረምቷ የሚከብድ ከተማ ናት። ብርድ የሚፈራው ሰው የዕድሜውን ፍሬያማ ዓመታት ያሳለፈው በዚያ ነበር።

በአስተዳዳሪነቱ ስሙ በመልካም ይነሳል። በቡርግዋን አካባቢ ትኩሳት የሚያዛምተውን ሰፊ ረግረግ ለማንጠፍ የበርካታ መንደሮችን ነዋሪዎች በትዕግሥት አግባብቶ ሥራውን ከፍጻሜ አደረሰ። ከግሬኖብል ወደ ጣሊያኗ ቱሪን የሚወስደውን የተራራ መንገድም አስጀመረ። ስለ ግብፅ ለተዘጋጀው ታላቅ የመጽሐፍ ስብስብ የታሪክ መቅድሙን የጻፈውም እርሱ ነው። ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን የተባለውን የግሬኖብል ተማሪም ያበረታታው ነበር፤ ይህ ወጣት በ1822 የጥንታዊ ግብፃውያንን ጽሕፈት ምሥጢር ፈታ።

ሊቁ የቢሮው ሥራ ሲጠናቀቅ ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞር ነበር። ከብረት የተሠራ ቀለበት ወስዶ በአንድ በኩል ያሞቀዋል፤ በቀለበቱ ዙሪያ በተበሱ ቀዳዳዎች ቴርሞሜትሮች አስገብቶም ሙቀቱ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ይመዘግባል። የብረት ድብልብል አግሎ በምን ፍጥነት እንደሚቀዘቅዝም ይለካ ነበር።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት ሙቀት ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ተከፋፍለው ነበር። አንዳንዶቹ ሙቀትን ክብደት የሌለው፣ ከአካል ወደ አካል የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ አድርገው ያስቡታል። ሌሎች የቁስ አካል ጥቃቅን ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ነው ይላሉ። ፉሪዬ በዚህ ክርክር አልገባም። የእርሱ ጥያቄ ሙቀት እንዴት ይጓዛል የሚል ነበር።

የደረሰበት ሕግ በቀላል ቋንቋ ሊነገር ይችላል። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። በአንድ ግድግዳ አልፎ የሚሄደው ሙቀት በውጭና በውስጥ ገጾቹ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ ይጨምራል፤ ግድግዳው ሲወፍር ይቀንሳል። እያንዳንዱ ቁስም ሙቀትን የማሳለፍ የራሱ አቅም አለው። ብረት ከጭቃ በብዙ አሥር እጥፍ ያሳልፋል፤ አየር አምቆ የያዘ የሣር ክዳን ግን እጅግ ጥቂት ያሳልፋል።

ቀጥሎ ፉሪዬ ግድግዳውን በሐሳቡ እጅግ ስስ ወደሆኑ ንጣፎች ከፋፈለው። የእያንዳንዱን ንጣፍ የሙቀት ገቢና ወጪም አሰላ። ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ የሚተርፈው ሙቀት ንጣፉን ያሞቀዋል፤ ወጪው ከበለጠ ደግሞ ንጣፉ ይቀዘቅዛል። ይህ ሂሳብ በእኩልዮሽ መልክ ሲጻፍ የሙቀት እኩልዮሽ ተባለ። በእርሱ አማካይነት የአንድን አካል የአሁን ሙቀትና በዳርቻው ያለውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው የነገ ሙቀቱን መናገር ይችላል።

መምህራኑ ያልተቀበሉት ሥራ

በዲሴምበር 21 ቀን 1807 ፉሪዬ ሥራውን ለፓሪስ የሊቃውንት ተቋም አቀረበ። ዳኞቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥ እና ላክሯ ነበሩ። ሦስቱ የቀድሞ መምህራኑ ናቸው።

ክርክሩ የተነሳው ፉሪዬ እኩልዮሹን ለመፍታት በተጠቀመበት ዘዴ ላይ ነው። ማንኛውም የሙቀት ስርጭት፣ በድንገት የሚዘልና የሚሰበር ቢሆን እንኳ፣ የብዙ ለስላሳ ሞገዶች ድምር አድርጎ መግለጽ ይቻላል አለ። አንዱ ሞገድ ሰፊ ነው፤ ሁለተኛው ጠበብ ይላል፤ ሦስተኛው ከዚያም ይጠባል፤ እንዲህ እያለ ያለ ገደብ ይቀጥላል። የክራር ክር ሲመታ የሚሰማው ድምፅ የብዙ ንዝረቶች ድምር እንደሆነ ሁሉ የሙቀት ስርጭትም የሞገዶች ድምር ነው ማለት ነው።

በሚንቀጠቀጥ ክር ጉዳይ ላይ የሂሳብ ሊቃውንት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ላግራንዥ ራሱ የዚያ ክርክር ተካፋይ ነበር። ለስላሳ ሞገዶች ተደምረው ስለታማ ማዕዘን ይፈጥራሉ የሚለውን ሐሳብ ሊቀበለው አልቻለም። ሥራው ሳይታተም ቀረ።

ተቋሙ ሙቀት በጠጣር አካላት ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድ የሽልማት ውድድር ርዕስ ሲያደርገው ፉሪዬ ሥራውን አስፋፍቶ በ1811 እንደገና አቀረበ። ሽልማቱንም አገኘ። የዳኞቹ ውሳኔ ግን ከምስጋናው ጋር ወቀሳ ያዘለ ነበር፤ ማረጋገጫዎቹ ጥብቅነት ይጎድላቸዋል ተባለ። አሸናፊው ሥራ አሁንም ወደ ማተሚያ ቤት አልሄደም።

እውነቱን ለመናገር ዳኞቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ፉሪዬ ሞገዶቹ ሁልጊዜ ተደምረው ወደ ትክክለኛው ውጤት እንደሚያደርሱ በጥብቅ ሂሳብ አላረጋገጠም ነበር። ያ ማረጋገጫ በግልጽ ከተቀመጡ ቅድመ ሁኔታዎች ጋር የመጣው ፉሪዬ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1829 ነው፤ ያመጣውም ዲሪሽሌ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ነበር። ፉሪዬ ግን ውጤቶቹ ከብረት ቀለበቱ ልኬት ጋር ሲስማሙ አይቷልና አቋሙን አልለወጠም።

በሁለት መንግሥታት መካከል

በ1814 ናፖሊዮን ከሥልጣን ሲወርድ ፉሪዬ በንጉሡ ሥር በአስተዳዳሪነቱ ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ መንገዱ በግሬኖብል በኩል ነበር። ፉሪዬ ሕዝቡ ለንጉሡ ታማኝ እንዲሆን አዋጅ አስነግሮ ከተማዋን ለቀቀ። ናፖሊዮን በቀድሞ ሹሙ ተቆጣ፤ ይሁን እንጂ ቁጣው ሲበርድ የሮን ግዛት አስተዳዳሪ አደረገው። ፉሪዬ ብዙ ሳይቆይ ከዚህም ሹመት ለቀቀ።

ከዋተርሉ ሽንፈት በኋላ ሁለቱም ወገኖች አላመኑትም። ፓሪስ ሲደርስ ሥራም ጡረታም አልነበረውም። የቀድሞ ተማሪው የነበረ ባለሥልጣን በሴን ግዛት የስታቲስቲክስ ቢሮ ኃላፊነት ሰጥቶ ከችግር አወጣው። በ1816 የሳይንስ አካዳሚው አባል አድርጎ ሲመርጠው ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ምርጫውን ሳያጸድቁ ቀሩ። በ1817 እንደገና ተመረጠ፤ በዚህ ጊዜ ተቃውሞ አልገጠመውም። በ1822 የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ።

በዚያው ዓመት «የሙቀት ትንተናዊ ቲዎሪ» የተሰኘው መጽሐፉ ታተመ። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበ 15 ዓመታት አልፈዋል። ላግራንዥ ቀደም ብሎ በ1813 አርፏል።

ስለ ዝግ ክፍሎች የተጻፈው ክፍል

መጽሐፉ ለሂሳብ ሊቃውንት የተጻፈ ቢሆንም በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ማንኛውንም ባለቤት የሚመለከት ጉዳይ አለ። ፉሪዬ ዝግ ክፍሎች እንዴት እንደሚሞቁ ያሰላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሞቅ ምድጃ አለ እንበል። ውጭው ቀዝቃዛ ነው። የክፍሉ አየር በስተመጨረሻ የት ላይ ይረጋል?

መልሱ በምድጃው ግለትና ስፋት፣ በግድግዳው ስፋት፣ ውፍረትና የማሳለፍ አቅም እንዲሁም በውጭው ቅዝቃዜ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀጥሎ ፉሪዬ ክፍሉን በሁለተኛ ግድግዳ፣ ከዚያም በሦስተኛ ያጥረዋል። በየመካከላቸው አየር አለ። እያንዳንዱ ተጨማሪ አጥር የውስጡን ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳድገው በቁጥር ያሳያል። ልብስ ደራርቦ የሚለብስ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በገላውና በብርዱ መካከል የአየር ንጣፎችን ያበዛል።

ቀመሩ ሌላም ነገር ይገልጣል። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ በግድግዳም በመሬትም ውስጥ እንደ ሞገድ ይገባሉ። ሞገዱ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ይደክማል፤ ይዘገያልም። ፈጣን ሞገድ ቶሎ ይከስማል፤ ዘገምተኛው ርቆ ይሄዳል። በመሆኑም የበጋና የክረምት ልዩነት ከቀንና ከሌሊት ልዩነት ይልቅ 19 እጥፍ ያህል ወደ መሬት ይዘልቃል። ጥልቅ ምድር ቤት ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ የሚኖረው ለዚህ ነው።

የአፍሪካ ቀንድ ነዋሪ ይህን ሕግ ያለ ቀመር ያውቀዋል። የሐረር ነባር ቤቶችን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በቆላ ከተሞች የሚታየውን የቆርቆሮ ጣሪያ ማነጻጸር ይበቃል። ወፍራሙ ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ለሰዓታት አዘግይቶና አለዝቦ ያስገባዋል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው ቆርቆሮ ግን ፀሐይዋ በወጣች በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ስትጠልቅም ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ፉሪዬ ምድርን ራሷን እንደ ቤት የመረመረበት ጊዜም ነበር። በ1824 ባወጣው ጽሑፍ የፀሐይ ብርሃን አየሩን በቀላሉ አልፎ እንደሚገባ፣ ከምድር የሚመለሰው የማይታይ ሙቀት ግን እንደዚያ በቀላሉ እንደማይወጣ አስረዳ። ለማነጻጸሪያም በብርጭቆ የተከደኑ ሣጥኖች በፀሐይ ውስጥ እንዴት እንደሚግሉ ከእርሱ በፊት የተደረገውን ሙከራ ጠቀሰ። ዛሬ የአየር ንብረት ሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የፉሪዬ ጤና በእነዚህ ዓመታት እያሽቆለቆለ ሄደ። ብርዱ ባሰበት፤ ትንፋሽም ያጥረው ጀመር። ሲጽፍ ገላው እንዳይጎብጥና እንዳይታፈን፣ ራሱና እጆቹ ብቻ ወደ ውጭ በሚወጡበት ሣጥን መሰል መቀመጫ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር ተጽፏል። የክፍልን ሙቀት በግድግዳና በአየር ንጣፍ ያሰላው ሰው በመጨረሻ ራሱን በትንሽ ክፍል ውስጥ አጠረ።

በሜይ 1830 መጀመሪያ ከደረጃ ላይ ወደቀ። ሕመሙ ጠናበትና በሜይ 16 ቀን በ62 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በፓሪሱ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ነው፤ መቃብሩም በግብፃውያን ጥበብ አምሳል ተጌጧል። በኤፌል ማማ ላይ ከተቀረጹት የ72 ፈረንሳውያን ሊቃውንትና መሐንዲሶች ስሞች አንዱ የእርሱ ነው። በኦሴር የቆመለት የነሐስ ሐውልት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያ ቀልጧል።

ከቀለበቱ እስከ ኮምፒውተሩ

ፉሪዬ በብዕር ሊፈታ የቻለው ቀለል ያሉ ቅርጾችን ነው፤ ቀለበት፣ ድብልብል፣ ሲሊንደር፣ ኪዩብ። እውነተኛ ሕንፃ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። መስኮት አለው፤ በር ይከፈታል፤ ደመና ይመጣል፤ ሰዎች ይገባሉ፤ ዕቃ ይሞቃል። እነዚህን ሁሉ በአንድነት ማስላት የተቻለው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ነው።

የዘመኑ የሕንፃ ሲሙሌሽን ፕሮግራሞች የሚከተሉት መንገድ ፉሪዬ ከሄደበት ብዙም አይርቅም። ግድግዳው በንጣፎች ይከፋፈላል፤ ጊዜውም በአጫጭር እርከኖች። ፕሮግራሙ የከተማዋን የዓመት የአየር ጠባይ በሰዓት በሰዓት ይወስዳል፤ ይህም 8,760 ሰዓታት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰዓት በግድግዳና በጣሪያ የሚያልፈውን ሙቀት፣ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ፣ በስንጥቅና በበር የሚለዋወጠውን አየር፣ ከመብራትና ከሰው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ይደምራል። ተረጋግቶ የተቀመጠ አንድ አዋቂ ሰው ራሱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። 50 ተማሪዎች የታጨቁበት ክፍል እንግዲህ ብዙ ምድጃዎች እንደተለኮሱበት ይቆጠራል።

በዚህ ስሌት አርክቴክቱ አንድ ብሎኬት ሳይደረደር ጣሪያውን መለወጥ፣ መስኮቱን ማጥበብ፣ የሕንፃውን አቅጣጫ ማዞር ይችላል። ስህተቱን በወረቀት ላይ ማረም ከግንባታ በኋላ አየር ማቀዝቀዣ ገዝቶ ዕድሜ ልክ የመብራት ሂሳብ ከመክፈል ይቀላል።

ከቁጥሩ በኋላ ግን ጥያቄ ይቀራል። ክፍሉ 27 ዲግሪ ይሆናል ከተባለ፣ ይህ ለተቀመጠበት ሰው ምቹ ነው ወይ?

ይህንን በስሌት ለመመለስ ከሞከሩት ሁሉ ስሙ የገነነው ዴንማርካዊው ፕሮፌሰር ኦሌ ፋንገር ነው። በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ምቾት በስድስት ነገሮች እንደሚወሰን አስቀመጠ። አራቱ የክፍሉ ናቸው፤ የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመጣው ጨረር፣ የአየሩ እንቅስቃሴና እርጥበቱ። ሁለቱ የሰውየው ናቸው፤ የሚሠራው ሥራና የለበሰው ልብስ። ከእነዚህ የሚገኘው ውጤት እጅግ ቀዝቃዛን ከሚያመለክተው ከኔጌቲቭ 3 ተነስቶ እጅግ ሞቃትን እስከሚያመለክተው እስከ ፖዘቲቭ 3 ይደርሳል። ዜሮ ላይ የሚሰፍረው ምቹ ይባላል። ዘዴው በዓለም አቀፍ መስፈርቶች ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ፋንገር ግን አንድ ነገር አልሸሸገም። ስሌቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ስሜት ነው። ውጤቱ በትክክል ዜሮ ላይ ቢያርፍ እንኳ ከመቶ ሰዎች አምስቱ ቅር እንደሚላቸው ራሱ ቀመሩ ይገምታል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ መስኮት በሚከፈትባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች የለመዱትን አየር፣ ስሌቱ ከሚገምተው በላይ ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ምቹ ነው እንደሚሉ አሳዩ። የምፅዋ ነዋሪና የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስለ አንድ ክፍል አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡም።

ፉሪዬ በዚያ በጋለ ክፍሉ፣ ልብስ ደራርቦ ተቀምጦ ሳለ ስድስቱ ቁጥሮች ተለክተው ወደ ፕሮግራሙ ቢገቡ፣ መልሱ ያለ ጥርጥር እጅግ ሞቃት የሚል ይሆን ነበር። ፕሮግራሙ ስለ ግድግዳው፣ ስለ አየሩም አይሳሳትም። የሚሳሳተው በወንበሩ ላይ ስለተቀመጠው ሰው ነው፤ ሰውየውን ይበርደዋልና።

አረጋውያን፣ ሕፃናትና ሕሙማን በሚያርፉባቸው ሕንፃዎች ይህ ልዩነት ቀላል ጉዳይ አይደለም። መስኮቱ የማይከፈት፣ ሙቀቱ ለአማካዩ ሰው ብቻ የተቆረጠ ክፍል ከአማካዩ ለሚርቁት እስር ቤት ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያዎች በስሌቱ ብቻ አያበቁም። ሕንፃው ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ ተመልሰው ሙቀቱን ይለካሉ፤ ነዋሪዎቹንም ይበርዳችኋል ወይስ ይሞቃችኋል ብለው ይጠይቃሉ። በፓሪሱ ክፍል በበጋ ካባ ደርቦ የተቀመጠው ሊቅ ቢጠየቅ ኖሮ፣ መልሱ ከራሱ ቀመር ሊገኝ አይችልም ነበር።